እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

በወለጋ አንዶዴ የምንለውን፣ እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረውን እንዶድ ማን አያውቅም? እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ብልሃርዝያን የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ማየት ብቻ አልበቃቸውም፤ በቤተ ሙከራ ደጋግመው ፈተኑት። በዓድዋ ለ5 ዓመታት በተደረገ ሙከራም በሽታው በትንንሽ ሕፃናት ላይ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ።

የውጭ ባለሙያዎች ግን ደኅንነቱ አልተረጋገጠም ብለው ለዓመታት ሳይቀበሉት ቆዩ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላልና። ዶክተሩን ያሳዘናቸው የአፍሪካ ተመራማሪ ቃል አለመታመኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ።

እንግዲህ ተመራማሪን ማስረጃው እስከሚደርስበት ድረስ እንመነው፤ አገሩን አይተን ግን አንናቀው።