አባ በዝብዝ (ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ)

አባ በዝብዝ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የገዙት የዓፄ ዮሐንስ 4ኛ የፈረስ ስም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1829 ዓ.ም. በተምቤን ተወለዱ። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው የእንደርታዋ ወይዘሮ ስላስ ድምፁ ሲሆኑ፣ የልጅነት ስማቸው ካሳ ነበር።

የፈረስ ስም የሚባለው በጦር ፈረሱ ስም ላይ «አባ» ተጨምሮ ባለቤቱ የሚጠራበት የክብር ስም ነው። ልማዱ በኦሮሞ ዘንድም የታወቀ ነው። በዘመቻና በፉከራ ጊዜ መኳንንቱ የሚወደሱት በዚሁ ስም ነበር። ለካሳ ምርጫ ግን ጥቅሙ ከውዳሴ ያለፈ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ስለ ነበር ሁለቱን የሚለያቸው ፈረሳቸው ሆነ፦ የቋራው አባ ታጠቅ ካሳ፣ የተምቤኑ አባ በዝብዝ ካሳ። ሁለቱም ስሞች ትእዛዝ መሆናቸውን ልብ ይሏል። በዚያው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች የእሽቅድምድም ፈረሶቻቸውን የዘር ሐረግ እየመዘገቡ ያቆዩ ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን ከፈረሱ ለትውልድ የሚተርፈው ስሙ ነው።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ካሳ በትግራይ በኩል አሳለፉት፤ ጦሩ ሲመለስም መድፍና ጠመንጃ ሰጣቸው። በ1863 ዓ.ም. የእኅታቸውን የወይዘሮ ድንቅነሽን ባል ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስን በዓድዋ አቅራቢያ ድል አደረጉ። በቁጥር የሚበልጠው የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት ነበር። በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅን ወራሪ ጦር ሁለት ጊዜ አሸነፉ።

ወደ መተማ ያደረሳቸው ግን ጦርነት ብቻ አይደለም፤ ውልም ነው። በ1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈረመው ስምምነት፣ በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ዮሐንስ ፈቀዱ። በምላሹ ቦጎስ ይመለስላቸው፣ ንግዳቸውም በምጽዋ በነፃ ይለፍ ተባለ። በዓመቱ ምጽዋን ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ያዘ። ለኢትዮጵያ የተረፋት የማህዲስቶች ጠላትነት ነው ማለት ይቻላል። በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናትንም አቃጠለ።

ዮሐንስ በሰሜን ጣሊያን፣ በደቡብ የሸዋው ምኒልክ እያሰጓቸው፣ ወደ ምዕራብ ቆላ ወረዱ። አቡ አንጃ ከውጊያው በፊት በበሽታ ስለ ሞተ የጠበቃቸው ዘኪ ጡማል ነበር። መተማን ዘሪባ፣ ማለትም የእሾህ አጥር፣ ከቧት ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉ በተቃረበበት ሰዓት ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ማፈግፈግ ጀመረ። ዮሐንስ እስከዚያ የወንድማቸው ልጅ ይባሉ የነበሩትን መንገሻን ልጄና ወራሼ ብለው ካስታወቁ በኋላ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረውን ጓድ ማህዲስቶች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት። የእናታቸው ወንድም ራስ አርአያ አስከሬኑን ሲከላከሉ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ኑዛዜው ዙፋኑን ለልጃቸው አላቆየም። ንግሥናው ወደ አባ ዳኘው ምኒልክ ሄደ። የዘውዲቱ ምኒልክ ባል የነበሩት ሌላው ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ዮሐንስ ከአባታቸው ቀድመው በ1880 ዓ.ም. ሞተዋል። የሁለቱ ወንድማማቾች ዘር ትግራይን ለረጅም ጊዜ ተከፋፍሎ ገዝቷል፦ በመንገሻ በኩል ራስ ሥዩም፣ በአርአያ ሥላሴ በኩል ራስ ጉግሣ። የጉግሣ ልጅ ኃይለ ሥላሴ በ1928ቱ ወረራ መጀመሪያ ለጣሊያን ገብቷል።

አንዳንድ የፈረስ ስሞች ከባለቤታቸው አልፈው የጦር ክፍል መጠሪያ ሆነዋል፤ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የገባው የቃኘው ሻለቃ የተሰየመው በራስ መኰንን ፈረስ ነው። በዝብዝ ይህ ዕድል አልገጠመውም። ከአብደራፊ በስተደቡብ በሱዳን ድንበር ላይ ያለችው ከተማም የምትጠራው በንግሥና ስማቸው፣ መተማ ዮሐንስ ተብላ ነው።