ለእያንዳንዱ ወፍ አድራሻ የጻፈው ሰው፦ አልፍሬድ ራስል ዋላስ (1823 - 1913)

ዛሬ የምናነበው አልፍሬድ ራስል ዋላስ ስለሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከአንዲት እርግብ እንጀምር። ከተማ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ የምትለቅመውን ግራጫ እርግብ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ይቺኛዋ ግን ሌላ ናት። የምትኖረው ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ በሱማትራ፣ በጃቫና በባሊ ደሴቶች ተራራማ ጫካዎች ነው። የወንዱ ራስና አንገት ሮዝ፣ ጀርባው አረንጓዴ ሲሆን ደረቱ ላይ መቀነት የመሰለ ነጭ መስመር አለው። ምግባቸው የዱር ሾላና ትንንሽ ፍሬ ነው። ፍሬውን እንዳለ ይውጡታል፤ ዘሩ ከኩሳቸው ጋር ሌላ ቦታ ይወድቅና ይበቅላል። ስለዚህ ጫካውን ከሚዘሩት ገበሬዎች መካከል እነዚህ እርግቦች አሉበት ማለት ነው። አገር ቤትም ሾላ የምትበላ አረንጓዴ እርግብ አለች። ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ያዩ ይኖራሉ።

ዋላስ ይቺን ባለ ሮዝ ራስ እርግብ በ1861 ጃቫ ውስጥ፣ ፓንግራንጎ በሚባለው ተራራ አካባቢ አገኛት። እዚያ ለመድረስ ግን ብዙ ነገር አሳልፏል።

ዋላስ የተወለደው በ1823 በዌልስ ነው። ለቤቱ ስምንተኛ ልጅ ነበር። አባቱ ገንዘባቸውን ስላጡ ትምህርቱን ያቋረጠው በ14 ዓመቱ ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ከታላቅ ወንድሙ ጋር መሬት እየለካ ካርታ ይሠራ ነበር። በየሜዳው ሲዞር ዕፅዋት ማጥናት ጀመረ፤ ቀጥሎም ሄንሪ ቤትስ የሚባል ጓደኛ አገኘና ጢንዚዛ መሰብሰብ ለመደ።

በ1848 ሁለቱ ጓደኛሞች ደቡብ አሜሪካ ወዳለው የአማዞን ጫካ ሄዱ። የሚረዳቸው ሀብታም ዘመድ አልነበራቸውም። ወፍና ነፍሳት እየሰበሰቡ ለንደን ባለ ወኪል በኩል ለሙዚየሞችና ለሰብሳቢዎች ይሸጡ ነበር። ዋላስ አራት ዓመት ቆየ። ሊረዳው የመጣው ታናሽ ወንድሙ ኸርበርት እዚያው በቢጫ ወባ ሞተ። እሱም ራሱ ክፉኛ ታመመ።

በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቧ ውቅያኖስ መሃል ላይ በእሳት ተያያዘች። ሰዎቹ በትንንሽ ጀልባዎች ወርደው ከአሥር ቀን በኋላ ሌላ መርከብ አዳናቸው። አብረውት ይጓዙ የነበሩት ወፎችና ነፍሳት፣ አብዛኛው ማስታወሻውም ጭምር አመድ ሆነ። ደግነቱ ወኪሉ ዕቃውን ኢንሹራንስ አስገብቶለት ነበር። ያቺ ገንዘብ ኑሮውን ደገፈችለት።

ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ሁለተኛ መርከብ የምሳፈር አይመስለኝም! ዋላስ ግን በ1854 እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ የሄደው ወደ ሲንጋፖርና ዛሬ ማሌዢያና ኢንዶኔዥያ ወደምንላቸው ደሴቶች ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ 125,660 ናሙናዎች ሰበሰበ። ከእነዚህ ውስጥ 8,050ዎቹ ወፎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ወፍ የሚጠናው ተገድሎ ቆዳው ደርቆ ነው፤ ዛሬ ካሜራና መነጽር አለን። ይህን ሁሉ የሠራው ብቻውን አይደለም። አሊ የሚባል የአካባቢው ልጅ፣ ሥራ ሲጀምር 15 ዓመት ገደማ የሆነው፣ ብዙዎቹን ወፎች ያገኘለት እሱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ዋላስ አማዞን ሳለ አንድ ነገር ገብቶት ነበር፦ ከትልቅ ወንዝ ወዲህ ያለው የዝንጀሮ ዓይነት ከወንዙ ወዲያ ላይገኝ ይችላል። ታዲያ ናሙናው ላይ አማዞን ብሎ ብቻ መጻፍ ምን ይጠቅማል? ከወንዙ በየትኛው ዳር እንደተገኘ ካልተጻፈ ዋናው መረጃ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በደሴቶቹ ሲዞር ናሙናዎቹ ላይ የተገኙበትን ቦታ ያሰፍር ነበር። እኔ በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀንና ቦታ የሌለው ደረሰኝ ሲመጣልኝ ምን ያህል እንደምቸገር ስለማውቅ ዋላስን በጣም እወደዋለሁ።

ይህ ጥንቃቄው ትልቅ ነገር አሳየው። በ1856 ከባሊ ወደ ጎረቤቷ ሎምቦክ ተሻገረ። በመካከላቸው ያለው ባሕር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወፎቹ ግን ተለዋወጡ። ባሊ ላይ የእስያ ወፎች ነበሩ፤ ሎምቦክ ላይ የአውስትራሊያ ዘመዶች የሆኑ ነጭ በቀቀኖች ተቀበሉት። ባለ ሮዝ ራሷ እርግባችንም ከሱማትራ እስከ ባሊ ትኖራለች እንጂ ሎምቦክ ላይ የለችም። ክንፍ እያላት! በዚያ ባሕር ላይ የሚያልፈው ድንበር እስከ ዛሬ የዋላስ መስመር ይባላል።

እርግቦችንም ለብቻቸው አጥንቶ በ1865 ጽፎባቸዋል። ዝንጀሮ በሌለባቸው ደሴቶች እርግቦች ለምን እንደሚበዙ ሲያስብ፣ ዝንጀሮ የእርግብ እንቁላልና ጫጩት ስለሚበላ ይሆናል ብሎ ገመተ።

በ1858 ደግሞ በወባ ትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ሳለ ሕያዋን ነገሮች በረጅም ዘመን እንዴት እንደሚለዋወጡ አንድ ሐሳብ መጣለት። ጽፎ ለቻርልስ ዳርዊን ላከው። ዳርዊን ያንኑ ሐሳብ ለ20 ዓመት ያህል ሲያሰላስለው ኖሯል! የሁለቱም ጽሑፍ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነበበ። ዝናው ይበልጥ የሄደው ለዳርዊን ነው። ዋላስ ግን አልተቀየመም። በ1869 የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም መታሰቢያነቱን ለዳርዊን ሰጠ። ዳርዊንም በኋላ ዋላስ ሲቸገር ከመንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ እንዲያገኝ ረዳው። ዋላስ በ1913 በ90 ዓመቱ ዐረፈ።

የሰበሰባቸው ወፎች ዛሬም በእንግሊዝ አገር ሙዚየም ውስጥ አሉ፤ ተመራማሪዎች ያጠኗቸዋል። እርግቧም በተራራዋ ላይ አለች። ጫካው ከተመነጠረ ግን የቦታው ስም ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የቤት ሥራ፦ በትንሽ ካርድ ላይ እናትና አባታችሁ የተወለዱበትን ቦታ በአማርኛ ጻፉ። ኢትዮጵያ ብላችሁ እንዳታቆሙ! የትኛው ከተማ ወይም መንደር፣ በየትኛው ወንዝ ወይም ተራራ አጠገብ? ወላጆች፣ እባካችሁ ጊዜ ወስዳችሁ ንገሯቸው። የእናንተንም የትውልድ ቦታ ከሥር ጨምሩበትና ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን።

ቸር ይግጠመን።