ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ የቁስለኛው ባለውለታ

በጦር ሜዳ ለወደቀ ወታደር ከጥይት ቀጥሎ የሚያሰጋው ጠላት የደም መፍሰስና የቁስል መመርቀዝ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል የተቀዳጀው የኢትዮጵያ ሠራዊት ቁስለኞቹን የሚያሳክምበት ዘመናዊ ሆስፒታል አልነበረውም። በዚያው ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ በጅቡቲ ወደብ ወርዶ፣ በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገብቶ፣ የዓድዋን ቁስለኞች ማከም ጀመረ። በአገሪቱ የሆስፒታል አገልግሎት መሠረት የተጣለው በዚህ አኳኋን ነው። ሐኪሞቹ ግን የባዕድ አገር ሰዎች ነበሩ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በዚያን ጊዜ በሩቅ ምሥራቅ፣ በበርማ ይኖሩ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ሲወድቅ ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ። አንድ የእንግሊዝ ኮሎኔል ሕፃኑን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ እርሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸው ከእነዚሁ አሳዳጊዎች የመጣ ነው። በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመርቀው፣ በኋላም በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አሻሽለው፣ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ አገለገሉ።

የዓድዋ ድል ዜና በደረሳቸው ጊዜ የትውልድ አገራቸውን ለማየት ቆረጡ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን አስተከሉና ሕመምተኛውን ያክሙ ጀመር። አማርኛ ስለማያውቁ ከሕዝባቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ወሬው የደረሳቸው አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ የቀረውን የልጅነት ጠባሳ መርምረው የጠፋው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ወርቅነህ የሚለውን ስም መልሰው ያገኙት ያን ጊዜ ነው።

በ1893 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ላይ ወደ ኦጋዴን ሲዘምት፣ ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር በሐኪምነት ተከትለው ውኃ በሌለበት በረሃ የዘማቹን መከራ ተካፈሉ። ወደ በርማ ተመልሰው ከሠሩ በኋላ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት እንደገና መጡ፤ አፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜም ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ነበሩ።

ጡረታቸውን አስከብረው በ1911 ዓ.ም. ለዘለቄታው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር። ይሁን እንጂ ዕረፍትን አልመረጡም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ለተማሪዎች የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጁ። በ1922 ዓ.ም. የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ በመንገድ ሥራና በአስተዳደር ማሻሻልም ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ አደረጓት።

የፋሺስት ወረራ በተቃረበ ጊዜ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። በዚያም ለአገራቸው መከላከያና ለጦር ቁስለኞች መርጃ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ደከሙ። በዚህ ላይ እንዳሉ ከባድ ሐዘን ደረሰባቸው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች ከጨፈጨፏቸው የተማሩ ወጣቶች መካከል ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ይገኙበታል። ሁለቱም በእንግሊዝ አገር ተምረው የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ። አባት በባዕድ አገር ሆነው ልጆቻቸውን ሊቀብሩ እንኳ አልቻሉም፤ የአገራቸውን ጉዳይ ግን አልተዉም።

ከነፃነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ አገራቸው ገቡ። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. አርፈዋል።

ሐኪም ወርቅነህ ከጦርነት ፍርስራሽ የተለቀሙ ሕፃን ነበሩ። በባዕድ አገር የተመቻቸ ሹመትና ደመወዝ ነበራቸው፤ አገራቸው በወቅቱ ልትሰጣቸው የቻለችው ድንኳንና የበሽተኛ ሰልፍ ብቻ ነበር። እርሳቸው የመረጡት ይህንኑ ነው። ዛሬ በጦር ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለ ቁስለኛ በገዛ ቋንቋው የሚያነጋግረው ሐኪም ሲያገኝ፣ ያንን መንገድ ቀድመው የከፈቱትን ሰው ሊያስታውስ ይገባል።