ይድነቃቸው ተሰማ እና የሜዳው ዕረፍት

ኳሱ አርባ አምስት ደቂቃ ተጫውቶ ዳኛው ለዕረፍት ሲያፏጭ፣ ሜዳው የተመልካቹ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚሰማው ድምፅ የማን መሆን ይገባዋል? ይህን ስናስብ የጅማውን ተወላጅ የይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት ለወጣት አንባቢዎቻችን ማስታወስ ወደድን።

አቶ ይድነቃቸው በመስከረም 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ተልከው ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ስመ ጥር ባለግጥም ነበሩ። የዜማ ቤት ልጅ ግን ኳስን መረጠ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ፤ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ጋር በተደረገው ፍጻሜ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ቡድናችን አንድ ለባዶ እየተመራ ለዕረፍት ወጣ። ከዕረፍት መልስ ሁለት ለሁለት ሆኖ፣ በተጨመረው ሰዓት አራት ለሁለት አሸነፈ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ አጥብቀው ተዋጉ። ገንዘብ በሚያስፈልግበትም ጊዜ የአፍሪካ ኳስ የትምባሆና የመጠጥ ማስታወቂያ መስቀያ እንዳይሆን ተከራከሩ። ወጣቶች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ለሱስ ነጋዴ መስጠት አልፈቀዱምና።

ከእርሳቸው በኋላ ክለቦቻችን የቢራ ፋብሪካ ስም በደረታቸው ለጥፈው ሲጫወቱ አይተናል። እኛም በአንዲት የቡና ከተማ ግጥሚያ ስንመለከት፣ ደጋፊው በዕረፍት ሰዓት ከበሮ እየመታ ያነሣውን ዘፈን ድምፅ ማጉያው በማስታወቂያ ጩኸት ሲውጠው ሰምተናል። ሕዝቡም ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ቡድኑ ወደ ሜዳ ሲመለስ የተቀበለው ማጉያው ብቻ ነበር።

ማስታወቂያ ገንዘብ ያመጣል፤ ክለብም ያለ ገንዘብ አይኖርም፤ ይህን አንክድም። ዳሩ ግን የጅማ አባ ጅፋር ክለብ በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከተማው የጨፈረው በራሱ አንደበት ነው። ነገ ግጥሚያ ለምታዘጋጁ ወጣት ሹማምንት ምክራችን አጭር ነው፤ ከዕረፍቱ ጥቂት ደቂቃ ማጉያውን ዝጉና ሕዝቡን አዳምጡ። የነጋድራስ ተሰማ ልጅ የጠበቁት ሜዳ የሕዝብ ነበርና።