የሐይቁ መምህር አባ ኢየሱስ ሞዐ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ብርድ ከኋላው ትቶ ቁልቁል ከወረደና ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ፣ ሙቀቱ እየበረታ ሜዳውም እየሰፋ ይሄድና ጨፋ ሮቢት ይደርሳል። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በበጋም ሣር ስለማይታጣበት የኦሮሞውም የአፋሩም ከብት ይሰማራበታል። ስፍራው የግጦሽና የገበያ ብቻ አይደለም፤ የትምህርትም ነው። ከዚያው አካባቢ በተራራ አናት ላይ የተሠራችው ሾንኬ የታወቀች የእስልምና ትምህርት መንደር ናት። ስለዚህ የጨፋ ሰው ሼህ ማለት፣ መምህር ማለት፣ ደረሳ ማለት ምን እንደ ሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

ባለፈው ሰሞን በዚሁ መንገድ ስጓዝ አውቶቡሳችን ለምሳ ጨፋ ሮቢት ላይ ቆመ። ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን እየረገጠ ይሠራል፤ ከጎኑም ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተቀምጧል። በልተን እስክንነሣ ድረስ ሰውየው ለልጁ አንዲት ቃል አልተናገረም። ልጁ ግን ዓይኑን ከጌታው እጅ አልነቀለም። ጌታው ክር ለመቁረጥ አንገቱን ዘንበል ባደረገ ቁጥር የልጁም አንገት አብሮ ዘንበል ይላል።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ወደ ራሴ መለሰኝ። ብዙ ሰምቻለሁ፤ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ተፈትኜም አልፌአለሁ። ነገር ግን አንገትህ ከማን አንገት ጋር ዘንበል ይላል ተብዬ ብጠየቅ የምመልሰው አልነበረኝም። ክርስቲያን ጌታውን ኢየሱስ ክርስቶስን መምሰል አለበት ሲባል በየጊዜው እንሰማለን፤ እንዴት አድርጎ እንደሚመስለው ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ በቃል ሳይሆን በኑሮ የመለሱ አንድ ሰው የኖሩበት ስፍራ ከጨፋ ብዙም አይርቅም። ከሚሴን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፈው ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ ከከተማው አጠገብ ባለው ውሃ መካከል የነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር የተያያዘው ስፍራ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ሰውየውም አባ ኢየሱስ ሞዐ ይባላሉ። ስማቸው በግዕዝ ኢየሱስ አሸነፈ ማለት ነው።

በገመድ የሚወጣው ትምህርት ቤት

አባ ኢየሱስ ሞዐ የተወለዱት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ዳህና በተባለው አገር ነው። ዘመኑ የዛግዌ ነገሥታት ዘመን ነበር። ገድላቸው እንደሚተርከው ሠላሳ ዓመት ሲሆናቸው የወላጆቻቸውን ቤት ትተው ወደ ትግራይ ተጓዙ። ያሰቡትም ደብረ ዳሞን ነበር። ደብረ ዳሞ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ገዳም ሲሆን፣ ዙሪያው ገደል ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ የሚወጣው በገመድ ነው። ወደዚያ የሚወጣ ሰው ጓዙን ሁሉ ተሸክሞ ሊወጣ አይችልም፤ ከሥር ትቶት የሚሄደው ነገር መኖሩ የግድ ነው።

በዚያን ጊዜ የገዳሙ አባት አባ ዮሐኒ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን ዐዋቂ አድርጎ የሚቆጥርበት ዕድሜ ላይ ነው። ኢየሱስ ሞዐ ግን በዚህ ዕድሜ ሄደው እንደ ልጅ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ትምህርታቸውም መጽሐፍ አልነበረም፤ ውሃ መቅዳትና እህል መፍጨት ነበር። በገዳም ሥርዐት አዲስ የመጣ ሰው ረድእ ይባላል። ረድእ አገልጋይ ነው፤ እንጨት ይለቅማል፣ ለአረጋውያን ይላላካል፣ የታመመ ያስታምማል። ይህ የሚደረገው ጉልበት ስላነሰ ብቻ አይደለም። ጌታችን በመጨረሻው እራት ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ አገልጋይ ሆኗልና፣ እሱን እመስላለሁ የሚል ሰው የሚጀምረው ከዚያው ከውሃው ነው በማለት አባቶች ስለሚያምኑ ነው።

ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ሰባት ዓመት ያህል እንደ ተቀመጡ ይነገራል። እዚያ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ የመጻፍ ሙያ ነበር። ዛሬ መጻፍ ስንል ብዕር ማንሣት ይመስለናል። በዚያን ዘመን ግን ጸሐፊ ለመሆን በመጀመሪያ ቆዳውን መንከር፣ በችንካር መወጠር፣ መፋቅና ማለስለስ፣ ከዚያም መስመሩን ማስመር፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም መበጥበጥ፣ ብዕሩንም ከመቃ መቅረጽ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላም ጸሐፊው ከራሱ የሚጨምረው ነገር የለም። በፊቱ የተዘረጋውን መጽሐፍ እያየ ፊደል በፊደል፣ ቃል በቃል ይገለብጣል። ዓይኑን ያነሣ እንደ ሆነ ይስታል፤ የሳተውን ፍቆ እንደገና ይጽፋል። ወንጌልን እንዲህ አድርጎ ዓመት ሙሉ የገለበጠ ሰው ወንጌሉ በብራናው ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱም ላይ መጻፉ አይቀርም።

በውሃ መካከል የተከፈተው ቤት

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1248 ዓ.ም. ገደማ ኢየሱስ ሞዐ ወደ ደቡብ ተመልሰው ሐይቅ ገቡ። የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከእሳቸው በፊት የነበረ ሲሆን፣ ትውፊት መሠረቱን ወደ 9ኛው መቶ ዓመት ይወስደዋል። የምንኩስና ትምህርት ቤት ሆኖ አገር ሁሉ የሚያውቀው ግን በእሳቸው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ምናኔ የሚፈልግ የአማራና የሸዋ ልጅ የግድ ወደ ሩቁ ትግራይ መሄድ ነበረበት። ኢየሱስ ሞዐ ከዳሞ የተማሩትን ሥርዐት ወደ ሐይቅ ባመጡት ጊዜ ትምህርቱ ወደ ተማሪው መጣ።

ተማሪዎቹም ከየአገሩ ጎረፉ። በትውፊት ሲነገር 800 ደቀ መዛሙርት እንዳፈሩ ይባላል። የጣና ሐይቁ የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም መሥራች የሚባሉት አባ ኂሩተ አምላክ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ግን ከሸዋ የመጡት ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ብዙ ዓመት እየታዘዙና እየተማሩ ከቆዩ በኋላ መምህራቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ።

እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቆም እንዲል እፈልጋለሁ። መምህር ጎበዝ ተማሪውን ከእጁ ማውጣት አይወድም። የእኔ ልጅ እየተባለ እንዲጠራለት፣ ከእኔ በላይ እንዳያውቅም ይመኛል። ኢየሱስ ሞዐ ግን ልጃቸው ወደ ራሳቸው መምህር ወደ ምንጩ ሲሄድ አልያዙትም። የነገሩ ፍጻሜ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነው። ምንኩስና በደረጃ የሚሰጥ ነው፤ ቅናት አለ፣ ቆብ አለ፣ ከሁሉ በላይ የሆነው አስኬማም አለ። በደብረ ሊባኖስ ወገን ሲወርድ በመጣው ትውፊት መሠረት ተክለ ሃይማኖት ቅናትን ከኢየሱስ ሞዐ፣ ቆብንና አስኬማን ግን ከአባ ዮሐኒ ተቀበሉ። ወደ ሐይቅ በተመለሱ ጊዜም መምህሩ ኢየሱስ ሞዐ ቆቡንና አስኬማውን ከገዛ ተማሪያቸው እጅ ተቀበሉ።

በኋላ ዘመን የሐይቅና የሊባኖስ መነኮሳት የትኛው አባት፣ የትኛው ልጅ እንደ ሆነ፣ ማንስ እንደሚቀድም ብዙ ተከራክረውበታል። ክርክሩ የክብር ክርክር ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ከሆነ ግን ሽማግሌው ሰው ስለ ክብር አልተከራከሩም። ትናንት ውሃ ቅዳ ብለው ባዘዙት ልጅ ፊት ጎንበስ አሉ። ብዙ ሺህ ገጽ ስለ ትሕትና የጻፈ ሰው ይህን አንዲት ጊዜ ማድረግ ላይቻለው ይችላል።

ንጉሡ በደጅ

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1270 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ የዛግዌን መንግሥት ጥሎ ነገሠ። የሐይቅ ትውፊት ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በገዳሙ እንደ ተማረና አባ ኢየሱስ ሞዐም በጸሎት እንደ ረዱት ይናገራል። የደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ ይህን ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። የሆነው ሆኖ ከዚህ በኋላ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚባል ማዕርግ የቤተ መንግሥት ታላቅ ሰው ሆነ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ዐቃቤ ሰዓቱ ለንጉሡ እጅግ ከሚቀርቡት አንዱ ነበር።

ይህ ለገዳሙ መሬትና ክብር አመጣለት። ነገር ግን በገመድ ለመውጣት ጓዙን ከሥር የተወ ሰው የመሠረተው ቤት፣ ጓዙ ተመልሶ በሌላ በር ሲገባ ፈተና ሳይሆንበት አልቀረም። ጌታችን በተራራ ላይ የዓለም መንግሥታት ሁሉ በታዩት ጊዜ አሻፈረኝ ማለቱን ወንጌል ይነግረናል። ከመንግሥት አጠገብ ቆሞ እንደዚያ ማለት ለማንም ሰው ቀላል አይደለም። ስለዚህ እኔ የኢየሱስ ሞዐን ታላቅነት ከማዕርጉ አልፈልገውም፤ ከመጽሐፋቸው እፈልገዋለሁ።

የቀረው ወንጌል

መጽሐፉ እነሆ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ይኸውም በፈረንጅ 1280 ወይም 1281 መሆኑ ነው፣ አራቱን ወንጌላት የያዘ የብራና መጽሐፍ ለእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሰጡ። መስጠታቸውም በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ዘመናቸው ከታወቀ የቆዩ የግዕዝ መጻሕፍት አንዱ ይህ ነው። በውስጡ ሥዕሎች አሉት፤ ከሥዕሎቹም አንዱ የራሳቸው የኢየሱስ ሞዐ ምስል ነው። በዚያ ዘመን የኖረን አንድ ኢትዮጵያዊ በሕይወት ሳለ የሚያሳይ ሥዕል ማግኘት እጅግ ብርቅ ነገር ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ገዳሙ ብዙ ሀብቱን አጣ። ወርቁ ሄደ፤ መጽሐፉ ግን ቀረ። በ20ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ይህም ወንጌል 1832 በሚል ቁጥር ተመዝግቦ ተነሥቷል። ዛሬ የዓለም ሊቃውንት የአማርኛውን ወሎ ሳያዩ የሐይቁን ወንጌል ያውቁታል።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ኅዳር 26 ቀን ዐረፉ። በየዓመቱ ኅዳር 26 መታሰቢያቸው ነው። ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በሸዋ ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ይኸውም በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው። ከዚያም ልጅ ልጅን እየወለደ ገዳማት በአገሩ ተዘረጉ። የመነኮሳቱ የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር ከግብጹ ከአባ እንጦንስ ጀምሮ በመቃርስና በጳኩሚስ ወደ አረጋዊ፣ ከአረጋዊ በክርስቶስ ቤዛነና በመስቀል ሞዐ ወደ ዮሐኒ፣ ከዮሐኒ ወደ ኢየሱስ ሞዐ ይደርሳል። ይህ የስም ዝርዝር ለብዙዎቻችን ደረቅ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ስም የአንድን ሰው እጅ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ስም ነው። ሐረጉ ወደ ላይ ሲወጣ መጨረሻው ከእንጦንስም አልፎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ጌታ ዘንድ ነው።

እንግዲህ ክርስቶስን መምሰል ምን እንደ ሆነ ከዚህ ሰው ሕይወት ብንጠይቅ መልሱ ሦስት ነገር ይመስለኛል። በመጀመሪያ የሚታዘዙለትን አባት መፈለግ ነው፤ ብቻውን ተቀምጦ ማንንም የመሰለ ሰው የለምና። ሁለተኛው በትንሽ ሥራ ብዙ ዓመት መታገሥ ነው፤ ውሃውና ወፍጮው፣ ፊደሉም ቢሆን በአንድ ቀን አያልቅም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን ያስተማሩት ሰው በበለጠ ጊዜ ጎንበስ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ያደረገ ብዙ ነው። በሦስተኛው ላይ ግን አብዛኛው መምህር፣ አባትም ይሁን አለቃ፣ ይቆማል።

እኔና የዕድሜ ጓደኞቼ ወረቀታችንን ይዘን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ብዙ የምናውቅ መስሎን ነበር። ማወቃችንስ እውነት ነው። ቀሪው ሥራ ግን አልተጀመረም። ኢየሱስ ሞዐ በሠላሳ ዓመታቸው እንስራ ተሸክመው ከጀመሩት፣ እኛም በሃያ አምስት ብንጀምረው አልዘገየንም።

አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት ዘወር ብዬ አየሁ። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ኖሮ ልጁ በመኪናው ላይ ተቀምጧል። ጌታውም ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የልጁን እጅ ያያል።