የልዑል ዓለማየሁ ስም ስንት ፊደል ነው?

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ አንድ ጨዋታ ሳያውቅ አይቀርም። አምስት ፊደል ያለው፣ ውስጡም እነዚህ እነዚህ ፊደላት የሚገኙበት ቃል አምጡ ይባልና ክፍሉ ይንጫጫል። የቃላት ትምህርት ሲሰለች መምህራን የሚያነሡት እሱኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያተኩረው እነዚያን ፊደላት ወድዶ ሳይሆን ተገድዶ በተማረ አንድ ልጅ ሕይወት ላይ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ስሙ እንኳ ልኩን ያላገኘ ነው፤ አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት፣ አንዴ ዘጠኝ ፊደል ይሆናል። የተወሰደውም ከሩቅ አይደለም፣ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በተንታ በኩል ካለው ከመቅደላ አምባ ነው።

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1861 ተወለደ። እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1862 የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ አውሮፓውያንን አሰሩ፤ እንግሊዝም በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር በዙላ በኩል ላከች። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ባልተመለሰ አንድ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲያዝ ንጉሡ ከቪክቶሪያ በስጦታ ባገኙት ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። የዚያን ጊዜ ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ከአምባው የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ መውረዱ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ውስጥ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ በአንድ ዘመቻ ፊደሉም ልጁም አብረው ሄዱ። ልዩነቱ ብራናዎቹ ግዕዛቸውን እንደያዙ መቆየታቸው ነው። ልጁ አልቻለም።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ትግራይ ውስጥ አረፉና ጨለቆት ተቀበሩ። ዓለማየሁ ያለ አባትም ያለ እናትም ቀረ። አብሮት የተነሣው አስተማሪ አለቃ ዘነብ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ሰው፣ እስከ እንግሊዝ አልዘለቁም። በልጁና በአማርኛ መካከል የቀረው ሰው ካፒቴን ስፒዲ ብቻ ሆነ። ስፒዲ ቀይ ጢም ያለው፣ እጅግ ረጅም፣ ቀድሞ ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለና አማርኛ የሚናገር መኮንን ነበር። ባሻ ፈለቀ ይሉታል። ልጁ በጣም ወደደው፤ ሌሊት እንኳ ከእሱ ተለይቶ መተኛት ይፈራ ነበር ይባላል።

በ1868 ክረምት ዋይት ደሴት ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ዓለማየሁን ተቀብለው አነጋገሩት፣ አዘኑለትም። እዚያው ታዋቂዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሣችው። በፎቶው ላይ ስሙ በስምንት የላቲን ፊደል ተጽፏል። ስፒዲ በሥራ ወደ ህንድ ሲሄድ ልጁን ይዞት ሄደ። ቀጥሎ ግን መንግሥት ጣልቃ ገባ። ባለሥልጣናቱ ልጁ ትምህርት ቤት መግባት አለበት ብለው ከስፒዲ ለዩት። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄኛው መለየት ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ የሚሰማው የመጨረሻ ሰው ነበር። በቼልተንሃም የኮሌጁ ኃላፊ በነበሩት በቄስ ጄክስ ብሌክ ቤት ኖረ። እሳቸው በ1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲሆኑ እሱም ተከትሏቸው ሄደ። አማርኛውም ቀስ በቀስ ጠፋው። አያቱ ወይዘሮ ላቂያየ ከኢትዮጵያ ይጽፉለት ነበር፤ ደብዳቤው ግን የተጻፈው ልጁ እየረሳው ባለው ቋንቋ ነው።

ለምንድነው እንግሊዝኛ ንባብ የከበደው? እኛ ይህን ለመመለስ ሩቅ መሄድ የለብንም። በፊደላችን ሀሁ የቆጠረ ሰው ያየውን ሁሉ ይጠራል፤ እንግሊዝኛ ግን ጽፎ የማይጠራው ብዙ ነው። ቢላዋ የሚለውን ቃል በኬ ጀምሮ ኬውን ይውጠዋል። ሦስት ድምፅ ብቻ ለሚሰማበት ቃል ሰባት ፊደል ይደረድራል። ዓለማየሁ በስፖርት ጥሩ ነበር፣ ጠባዩም የተወደደ ነበር፤ በትምህርት ግን ወደኋላ ቀረ። ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት በ1878 ቢያስገቡትም አልሆነለትም።

እሱ የተማረበት ራግቢ ቀደም ሲል አንድ ሌላ ሰው አስተምሯል፤ በብዕር ስሙ ሉዊስ ካሮል የሚባለውን የሒሳብ መምህር። ይህ ሰው በ1877 አንድ የቃላት ጨዋታ ፈጠረ፤ በ1879 ቫኒቲ ፌር የተባለ መጽሔት ያወጣው ጀመር። እኩል ፊደል ያላቸው ሁለት ቃላት ይሰጣሉ፤ በየእርምጃው አንድ ፊደል ብቻ እየለወጡ፣ በመካከል ያለው ሁሉ ትክክለኛ ቃል እየሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መድረስ ነው። ለምሳሌ ራስ የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃል በአራት ቃላት በኩል ጅራት ይሆናል፤ ከመጀመሪያው አንድም ፊደል በቦታው ሳይቀር። የዓለማየሁን ታሪክ ሳነብ ይሄ ጨዋታ ይመጣብኛል። መጀመሪያ እናቱ ሄዱ፣ ከዚያ አገሩ ተለወጠ፣ ከዚያ መምህሩ፣ ከዚያ ስፒዲ፣ ከዚያ ቋንቋው።

በዚያው በ1879 ወደ ሊድስ ከተማ ቀድሞ ያስተማረው ሲሪል ራንሰም ጋ ተላከ። ብርድ መታው፣ ሳንባውን አመመው፣ ኖቬምበር 14 ቀን ሞተ። ዕድሜው 18 ነበር። ንግሥቲቱ እጅግ አዘኑ፤ በትእዛዛቸውም በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። በእኛ ፊደል አምስት ነው፤ ዓ፣ ለ፣ ማ፣ የ፣ ሁ። ሲነበብም ዓለም አየሁ የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል (በዓ ይጻፍ በአ እያልን የምንጨቃጨቀው እንዳለ ሆኖ)። ዛሬ በላቲን ስንጽፈው ዘጠኝ ፊደል እናደርገዋለን። የዊንዘሩ ጽሑፍ ግን በሰባት ጨርሶታል። ኤች የሚባለው ፊደል የለበትም፤ ስለዚህ አየሁ የሚለው ግሥ አይታይም። ለእንግሊዝ አንባቢ ስም ብቻ ነው፣ ትርጉም የለውም።

ኢትዮጵያ አፅሙ እንዲመለስ በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመን በ2007 ጠይቃ ነበር። በ2023 የቀረበውን ጥያቄ የቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም በማለት አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ በስፒዲ ዘመዶች እጅ የቆየ የልጁ ፀጉር ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ወገን ተሰጠ። አፅሙ እዚያው ዊንዘር ነው፣ ከባለ ሰባት ፊደሉ ጽሑፍ አጠገብ።