አክሊሉ ለማና የእንዶድ ሁለት ባሕርይ

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ በማይበልጥ ጉዞ ከደጋው ብርድ ወደ ወይና ደጋው ሙቀት ይሻገራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የቦርከና ወንዝም ይህንኑ ቁልቁለት ተከትሎ ይወርድና የከሚሴን ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ ያመራል። በዚህ አጭር ርቀት የአየሩ መለወጥ ለሕክምና ባለሙያ ትርጉም አለው። የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ትንሽ ቀንድ አውጣ በላይኛው ቀዝቃዛ ውሃ አይደላውም፤ ውሃው ሞቅ ብሎና ረጋ ብሎ በሚሄድበት በታችኛው ሸለቆ ግን ይራባል። ስለዚህ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበትና ልጆች የሚዋኙበት ወንዝ ሕይወትን የሚሰጠውን ያህል በሽታንም ይሰጣል።

በዚያው ወንዝ ዳር፣ በአጥርና በቁጥቋጦ መካከል፣ እንዶድ ይበቅላል። ሳሙና በየሱቁ ከመገኘቱ በፊት የወሎ ሴቶች፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሴቶች ሁሉ፣ ነጠላና ጋቢ የሚያነጡት በእንዶድ ነበር። ፍሬው ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ይለቀማል፤ በፀሐይ ደርቆ ይወቀጣል፤ ከውሃ ጋር ሲታሽ አረፋ ይሰጣል። ይኸው ፍሬ የአልቅትና የሆድ ትል ማስወገጃ ሆኖ በየመንደሩ ይታወቃል። ፅንስ ለማስወረድ ብለው የጠጡት ሴቶች ሕይወታቸውን ያጡበት ጊዜም አለ። አንድ ፍሬ እንዴት በአንድ በኩል የንጽሕና፣ በሌላ በኩል የሞት መሣሪያ ሊሆን ይችላል? ለዚህ ጥያቄ በሳይንስ መንገድ ምላሽ ለመስጠት ዕድሜያቸውን የሰጡት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ምላሹን መፈለግ የጀመሩት ግን በቦርከና ዳር ሳይሆን፣ በስተሰሜን፣ በዓድዋ ከተማ ጅረቶች አጠገብ ነው።

ወደ ሕይወታቸው ታሪክ ከመግባት በፊት ጥያቄው ራሱ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ማመልከት ይገባል። በህንድ አገር ጥንታዊ የሕክምና ትምህርት፣ በአዩርቬዳ፣ የሰው አካል በሦስት ዶሻዎች ይተዳደራል ይባላል። እነርሱም እንቅስቃሴን የሚመራው ነፋሳዊው ቫታ፣ ሙቀትንና የምግብ መፈጨትን የሚመራው እሳታዊው ፒታ፣ አካልን የሚያያይዘውና የሚያረጥበው ካፋ ናቸው። የሚያስደንቀው ስማቸው ነው። ዶሻ ማለት በሳንስክሪት ቋንቋ ጉድለት ወይም የሚያበላሽ ማለት ነው። ነገር ግን ሰውነትን አቁመው የሚይዙት እነዚሁ የሚያበላሹ የተባሉት ናቸው። በልካቸው ሲሆኑ ጤና፣ ከልካቸው ሲያልፉ ወይም ሲያንሱ ደዌ ይሆናሉ። ጤናን የሚጠብቅ አንድ ኃይል፣ በሽታን የሚያመጣ ሌላ ኃይል የለም፤ ሁለቱም ሥራ የአንዱ ባሕርይ ነው። ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሥጋ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት ባሕርያት እንደ ተሠራ ያስተምራሉ። በዐረብኛ የተጻፉት የሕክምና መጻሕፍትም ከግሪኮች ወርሰው ስለ ደም፣ ስለ አክታ፣ ስለ ቢጫና ስለ ጥቁር ሐሞት ሚዛን ይናገራሉ። ዶክተር አክሊሉ የቤተ ሙከራ ሰው እንጂ የእነዚህ ትምህርቶች ተከታይ አልነበሩም። ቢሆንም በእንዶድ ላይ ያገኙት ነገር የጥንቶቹን ጥያቄ ወደ ቁጥርና ወደ ሚዛን የሚመልስ ሆነ።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935፣ ማለትም የፋሺስት ወረራ በጀመረበት ዓመት ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ካገኙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የቢልሃርዚያን ሥርጭት ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። የተነሡበት ዓላማ ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንደሚገኙ መመዝገብ ነበር፤ እንዶድ በሐሳባቸው አልነበረም። ነገር ግን በጅረቱ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈዋል፤ ከማጠቢያው በላይ ግን ሕያው ናቸው። ከአጣቢዎቹ አንዷን ጠይቀው የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣ ወዳለበት ዕቃ እንድታደርግላቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ብዙ ተመራማሪ ይህን አይቶ ያልፈው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ከውጭ የመጣ ኬሚካል እንጂ የልብስ ማጠቢያ ፍሬ ለመድኃኒትነት አያስቡምና። ዶክተር አክሊሉ ፍሬውን ወደ አዲስ አበባ ወስደው በቤተ ሙከራ መረመሩት። በፀሐይ የደረቀው የተፈጨ እንዶድ በአንድ ሚሊዮን እጅ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 እጅ ሲሆን ቀንድ አውጣዎችን በ24 ሰዓት ውስጥ እንደሚገድል ታወቀ። በውሃ ውስጥ ለብዙ ቀናት አይቆይም፤ ፈርሶ ይጠፋል። በሌላ በኩል ግን የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ እንቁላሉ ሲፈለፈል ደግሞ መጨመር ያስፈልጋል። ዓሣንም ይገድላል። እነዚህን ድካሞች ሳይሸሽጉ ከጥቅሙ ጎን ለጎን መመዝገብ ለሥራው ክብር የሚሰጥ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው ለአሥር ዓመት ያህል መሩት። በዚያ በነበሩበት ጊዜ በሌሽማኒያ በሽታ ላይም ጥናት አድርገዋል። ነገር ግን ስማቸው ከእንዶድ ጋር ተሳስሮ ቀረ። በአሜሪካ የሚገኙ ኬሚስቶች ከፍሬው ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ሲለዩት ሳፖኒን ከሚባለው ወገን ሆኖ ተገኘ። አንደኛውንም በዶክተር አክሊሉ የአባት ስም ለማቶክሲን ብለው ጠሩት። ሳፖኒን በውሃ ውስጥ አረፋ የሚያወጣና ቅባትን የሚያላቅቅ ነው፤ ስለዚህ ልብስ ያነጣል። ይኸው ጠባዩ ግን የሕያዋን ሴሎችን ሽፋን ይነካል፣ ቀይ የደም ሴሎችንም ያፈርሳል። እንግዲህ በእንዶድ ውስጥ የሚያጥብ አንድ ነገር፣ የሚገድል ሌላ ነገር የለም። ነጠላውን ያነጣው ቀንድ አውጣውንም ይገድላል። የዶሻ ትምህርት በምሳሌ የሚናገረው ነገር እዚህ ላይ በኬሚስትሪ ቋንቋ ተጽፎ ተገኘ። ልዩነቱን የሚያመጣው መጠኑ፣ ቦታውና የሚያገኘው አካል ነው።

ከዚህ በኋላ የተካሄደው የዓድዋ ሙከራ የሕይወታቸው ዋና ሥራ ሊባል ይችላል። ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአምስት ዓመታት የከተማይቱ ጅረቶች በተፈጨ እንዶድ ታከሙ። በሙከራው መጀመሪያ ከነዋሪው ከመቶ 60 የሚበልጠው በቢልሃርዚያ ተይዞ ነበር፤ በመጨረሻው ይህ ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነው የሕፃናቱ ውጤት ነው። ከስድስት ዓመት በታች በሆኑት ላይ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። ትልልቆቹ ትሉን ከቀድሞ ጀምሮ በደማቸው ይዘውት ስለሚኖሩ ቁጥራቸው ቶሎ አይወርድም፤ ከሙከራው በኋላ ውሃ የነኩት ሕፃናት ግን የውሃውን እውነተኛ ሁኔታ የሚያሳዩ ምስክሮች ናቸው። ገንዘብ ለማያወጣ ሕዝብ፣ በአጥሩ ላይ በሚበቅል ፍሬ የራሱን ውሃ ማከም መቻሉ ያን ጊዜ ትልቅ ተስፋ ነበር።

ይሁን እንጂ ተስፋው በቶሎ ወደ ሥራ አልተለወጠም። በገበያ ላይ የነበረው ቀንድ አውጣ ገዳይ በባየር ኩባንያ የሚሠራው ባይሉሳይድ ሲሆን ለድሀ አገሮች እጅግ ውድ ነበር። እንዶድን በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጠቀም ግን በታወቁ ቤተ ሙከራዎች የተደረገ የደኅንነት ምርመራ ተጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ሰው መግደል እንደሚችል ከመንደር ሴቶች በላይ የሚያውቅ የለምና። የሚያሳዝነው ጠያቂዎቹ የፍሬውን አንድ ፊት ብቻ ማየታቸው ነው። በአፍሪካውያን ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በቂ አይደለም ተባለ፤ ምርመራውን በሌላ ቦታ ለማስደረግ ደግሞ ገንዘብ የሚሰጥ ሳይገኝ ዓመታት አለፉ። ስለ መርዙ ብዙ ሲነገር፣ እናቶች ለብዙ ትውልድ በባዶ እጃቸው ሲያሹት መኖራቸው እንደ ማስረጃ አልተቆጠረም። ዶክተር አክሊሉ በኋላ በሰፊው ያሰሙት ቅሬታ ይኸው ነበር። የአፍሪካ ሳይንስ እንቅፋቱ የዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን የመታመን ማጣት ነው የሚል እምነት ነበራቸው።

እርሳቸው ከ1976 እ.ኤ.አ. በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ፣ በመጀመሪያ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ በኒው ዮርክ፣ በኋላም በዩኒሴፍ ሥር በፍሎረንስ በሚገኘው የሕፃናት ልማት ማዕከል አገልግለዋል። በአገር ቤት የእንዶዱን ሥራ ይዘው የቆዩት ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ናቸው። እርሳቸው ከልዩ ልዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ 65 የእንዶድ ዓይነቶችን በማወዳደር ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኃይሉ የበረታውን ቁጥር 44ን መረጡ። የዚህ ምርጫ ጥቅም በቀላሉ የሚታይ ነው፤ የመርዙ ብርታት ከተክል ተክል የሚለያይ ከሆነ መጠኑን መወሰን አይቻልምና።

እ.ኤ.አ. በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ዓውደ ጥናቶች ተደረጉ። ከዚህም በኋላ በካናዳ እርዳታ ሲጠበቅ የኖረው የደኅንነት ምርመራ ተካሂዶ ውጤቱ በ1991 ወጣ። እንዶድ ዐይንን አጥብቆ ይቆጠቁጣል፣ ለዓሣ ጎጂ ነው፤ ለቀንድ አውጣ መግደያ በሚጨመርበት መጠን ግን ለሰውና ለእንስሳት የሚያሠጋ ሆኖ አልተገኘም። ዓድዋ ላይ በ1964 ከታየው ነገር እስከዚህ ድረስ 27 ዓመት ሆኖታል። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ወጥቶ የዓለምን ዐይን ከውሃው ወደ በሽተኛው አዙሮት ነበር። ክኒኑ በታማሚው አካል ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ በጅረቱ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካም። ልጁ ነገ ተመልሶ ወደዚያው ውሃ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስቶክሆልም ተቀበሉ። በማግሥቱ ዓመት የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዚያው አጋጣሚ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧዎችን እየዘጋ ብዙ ኪሳራ ያደረሰውን የዜብራ ዛጎል በእንዶድ መግደል እንደሚቻል በሙከራ ተረጋገጠ። ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። ለድሀ ልጆች በሽታ ሲሆን ከሃያ ዓመት በላይ የተጠረጠረው ፍሬ ለሀብታም አገር ቧንቧ ሲሆን ፈጥኖ መታመኑ፣ የእንዶድን ሳይሆን የዓለምን ሁለት ፊት የሚያሳይ ነው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው በአሜሪካ አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ይጠራል። ከዚሁ ተቋም የሆነ ተመራማሪ ያለበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ጥናት፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ ቀድሞ ያልተመዘገበ የአንጀት ቢልሃርዚያ መገኘቱን አስታውቋል። የሐይቅ ልጆች ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ክኒኑም በየጊዜው ይታደላል። እንዶድም በዚያው አገር አጥር ላይ ይበቅላል።